ሐኪም ለምርጫ ሲቀርብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ስለዚህም ሰው ከዘመዱና ከወዳጁ የሚሸሽገውን የገላውን ምስጢር ለሐኪም ይገልጣል። ወታደርም በጦርነት ቀን ሕይወቱን በጐኑ ለቆመው ጓደኛው ያስረክባል። ከነዚህ ከሁለቱ ሙያዎች የሚገኘው አመኔታ በገንዘብ የማይገዛ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሐኪምም የጦር አገልጋይም ሆኖ ከቈየ በኋላ፥ «ምረጡኝ፥ አገር ላስተዳድር» ብሎ በሕዝብ ፊት ቢቆም፥ ሕዝቡ በምን ሊመዝነው ይገባል? ያዳናቸው በሽተኞች ቍጥር ይበቃልን? በጦር ሜዳ መዋሉስ ብቻውን ምስክር ይሆነዋልን?

ይህ ጥያቄ የመንግሥት ሥራ ለሚያውቁ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የቤተሰብም ጥያቄ ነው። ሰው ወደ ሹመት ሲወጣ ከትምህርት ቤት የተቀበለውን ወረቀት ብቻ ይዞ አይወጣምና። በልጅነቱ በቤቱ የለመደውን ጠባይ፥ ማለትም ቃል መጠበቅን፥ ከተጣላው ጋራ መታረቅን፥ ተራው ሲያልፍ ለሌላው መልቀቅን፥ ወይም የነዚህን ተቃራኒ ይዞ ይወጣል። ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፥ በደቡብ አሜሪካ የብራዚል ፕሬዚዳንት የነበሩትን የዶክቶር ዡሴሊኖ ኩቢቼክን ታሪክ ለዚህ ገጽ አንባብያን እናቀርባለን። የምንጠራቸው ዓመታት ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዶክቶር ኩቢቼክ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ሚናስ ዤራይስ በሚባለው ግዛት፥ ዲያማንቲና በምትባል ተራራማ ከተማ ተወለዱ። የከተማዪቱ ስም ከአልማዝ የወጣ ነው፤ በፖርቱጋሎች ዘመን በዙሪያዋ ብዙ አልማዝ ይወጣ ነበርና። በእሳቸው ልጅነት ግን የዚያ የአልማዝ ሀብት የሽማግሌዎች ወሬ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አባታቸው ከስፍራ ወደ ስፍራ እየዞሩ የሚነግዱ ሰው ሲሆኑ፥ በ1905 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ልጃቸው ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም።

እናታቸው ወይዘሮ ዡሊያ ኩቢቼክ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ይዘው መበለት ሆነው ቀሩ። ሥራቸው የሕፃናት መምህርነት ነበር፤ የመምህር ደመወዝም በየትም አገር ጠባብ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። ሌላ ባል አላገቡም፤ ቤታቸውንም በዚያው ደመወዝ አቆሙ። የወይዘሮ ዡሊያ አያት ከቦሔሚያ፥ ዛሬ ቼክ ከሚባለው አገር፥ ወደ ብራዚል የፈለሱ ሰው ነበሩ፤ ኩቢቼክ የሚለው ስምም ከእሳቸው የወረደ ነው። ልጁ የአባታቸው ስም ደ ኦሊቬይራ ሳለ፥ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚጠራቸው በእናታቸው ቤት ስም ነው። ላሳደገች እናት ከዚህ የሚበልጥ ሐውልት አይገኝም።

በዲያማንቲና ለድኻ ልጅ ከአንደኛ ደረጃ በላይ የሚያስተምር ቤት አይገኝም ነበርና፥ ወይዘሮ ዡሊያ ልጃቸውን ካህናት ወደሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አስገቡ። ልጁ ግን ክህነት አልተመኙም፤ ሐኪም መሆን ፈለጉ። የሕክምና ትምህርት ቤት የሚገኘው በግዛቱ ዋና ከተማ በቤሎ ኦሪዞንቴ ነበር፤ እናት ልጃቸውን በዚያ ለማኖር የሚበቃ ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ ወጣቱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ለመሆን ፈተና ተቀብለው አለፉና ሥራ አገኙ። ሌሊት በቴሌግራፍ መሣሪያ አጠገብ ተቀምጠው የሰዎችን መልእክት እየተቀበሉና እየላኩ፥ ቀን ሕክምና እየተማሩ፥ በ1927 ዓ.ም. ተመረቁ። እኅታቸው ያገቡት ሰውም ሐኪም ስለ ነበሩ፥ በሥራቸው መጀመሪያ አማቻቸው አብረው አሠሯቸው። የመበለቲቱ ቤት ልጆች እንዲህ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ቆሙ።

በ1930 ዓ.ም. ወደ አውሮጳ ተሻግረው በፓሪስ ስለ ኵላሊትና ስለ ሽንት መንገድ በሽታ ተጨማሪ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰው በ1931 ዓ.ም. የሚናስ ዤራይስ ግዛት ጦር ሐኪም ሆነው ገቡ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ወይዘሮ ሳራ ሌሞስን አገቡ።

ትዳሩ ገና ዓመት ሳይሞላው ጦርነት ተነሣ። በጁላይ 1932 ዓ.ም. የሳኦ ፓውሎ ግዛት፥ «ሕገ መንግሥት ይሰጠን» ብሎ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ዐመፀ፤ የሚናስ ዤራይስ ጦርም በመንግሥቱ ወገን ተሰልፎ ወደ ወሰኑ ዘመተ። ዶክቶር ኩቢቼክ የመቶ አለቅነት ሳይሆን የሻምበልነት ማዕርግ ይዘው፥ በማንቲኬይራ ተራሮች አጠገብ ፓሳ ኳትሮ በምትባል ከተማ በተቋቋመው ሆስፒታል ቁስለኞችን አከሙ። ጦርነቱ በኦክቶበር መጀመሪያ በሳኦ ፓውሎ መሸነፍ አለቀ። ሦስት ወር ያህል ብቻ የቈየ ቢሆንም፥ ወንድም ወንድሙን የገደለበት ጦርነት ነበር። በእንዲህ ያለ ጦርነት የሐኪም ሥራ ከሌላው ወታደር ሥራ ይለያል፤ ሐኪም በቃሬዛ የመጣለትን ሰው ደሙን ያቆምለታል እንጂ የማን ወገን እንደ ሆነ አይመረምረውም። ይህን ነገር አንባቢ ያስብልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በዚያ ግንባር ያወቋቸው አንድ ሰው፥ ቤኔዲቶ ቫላዳሬስ፥ በ1933 ዓ.ም. መጨረሻ የግዛቱ ገዥ ሆነው ሲሾሙ፥ ሐኪሙን የጽሕፈት ቤታቸው አለቃ አደረጓቸው። ዶክቶር ኩቢቼክም በ1934 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርጫ ቀርበው የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። በ1937 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ ምክር ቤቱን ዘጉት፤ እንደራሴነቱም ቀረ። እሳቸው ምን አደረጉ? ወደ ሕክምናቸው ተመለሱ። ይህ የማያሳፍር መመለስ ነው። በእጁ ሙያ ያለው ሰው ሹመት ቢቀርበት አይራብም፤ የማይራብ ሰው ደግሞ ስለ ሹመት ብሎ ኅሊናውን ለመሸጥ አይገደድም። ልጆቻችን ወደ መንግሥት ሥራ ከመመኘታቸው በፊት ሙያ ይያዙ የምንለው ስለዚህ ነው።

በ1940 ዓ.ም. የቤሎ ኦሪዞንቴ ከንቲባ ሆነው ተሾሙ። ያን ጊዜ ወጣት የነበሩትን መሐንዲስ ኦስካር ኒማየርን ጠርተው በፓምፑልያ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ልዩ ልዩ ሕንፃዎች አሠሩ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለግዛቱ አገረ ገዥነት ተወዳደሩ። በዚህ ምርጫ ለዚህ ገጽ የሚስማማ አንድ ነገር አለ። ተቃዋሚያቸው ሆነው የቀረቡት ሰው ጋብሪኤል ፓሶስ ነበሩ፤ እኒህም ሰው የወይዘሮ ሳራን እኅት ያገቡ ናቸው። ሁለት እኅትማማቾች የየባሎቻቸውን ምርጫ እያሰቡ በአንድ አማት ቤት ሲገናኙ ምን ይባባሉ ይሆን? የሕዝብ ምርጫ በየቤቱ መካከል መሥመር ያሠምራል። ብልኅ ቤተሰብ ግን መሥመሩን በምርጫው ሳጥን ላይ ይተወዋል እንጂ ወደ ማዕዱ አያመጣውም። ዶክቶር ኩቢቼክ አሸነፉና በጃንዋሪ 1951 ዓ.ም. ሥራውን ተረከቡ፤ በኤሌክትሪክ ኀይልና በመንገድ ሥራም ታወቁ። ወይዘሮ ሳራም በዚያው ጊዜ ሴቶችን አሰባስበው ለችግረኞች እናቶችና ሕፃናት የሚረዳ ማኅበር አቆሙ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ምርጫ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ፕሬዚዳንት ቫርጋስ በኦገስት 1954 ዓ.ም. ራሳቸውን ገደሉ፤ አገሩም ታወከ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የጦር አለቆች ብዙ ተወዳዳሪ እንዳይነሣ፥ አንድ ሁሉ የተስማማበት ሰው ብቻ እንዲቀርብ የሚመክር ጽሑፍ አወጡ። ይህም ዶክቶር ኩቢቼክ እንዲተዉ ማስፈራሪያ መሆኑን ሁሉ አወቀው። እሳቸው ግን አልተዉም። በአውሮፕላን ከግዛት ወደ ግዛት እየተጓዙ፥ ሐምሳ ዓመት የሚፈጀውን እድገት በአምስት ዓመት እንሠራለን እያሉ ሕዝቡን ቀሰቀሱ። ኤፕሪል 4 ቀን በጎያስ ግዛት ዣታይ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲናገሩ፥ ከተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ሰው፥ ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዝዘው ዋና ከተማውን ወደ መካከለኛው አገር ያዛውሩ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም በሕዝቡ ፊት አዛውራለሁ ብለው ቃል ገቡ። የብራዚልያ ከተማ መሠረት በዚያች ቀን ተጣለ ማለት ይቻላል።

ለውድድሩ የቀረቡት አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጄኔራል ዡዋሬስ ታቮራ፥ ሁለተኛው ደራሲው ፕሊኒዮ ሳልጋዶ፥ ሦስተኛው የሳኦ ፓውሎው አዴማር ዴ ባሮስ፥ አራተኛው ዶክቶር ኩቢቼክ ናቸው። አዴማር ዴ ባሮስም በሙያቸው ሐኪም ነበሩ፤ በ1932 ዓ.ም. ጦርነትም ከሳኦ ፓውሎ ጋራ ተሰልፈው ነበር። እነሆ፥ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት በተቃራኒ ሰልፍ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች በአንድ የምርጫ ወረቀት ላይ ተገናኙ። እንግዲህ የመጀመሪያ ጥያቄያችን ከዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ሐኪምነትና ዘማችነት ብቻውን ሰውን የሚያስመርጥ ቢሆን፥ ሕዝቡ ከሁለቱ ማንን ይመርጥ ነበር? ሁለቱም ሐኪሞች፥ ሁለቱም ዘማቾች ነበሩና። ስለዚህ ሙያው ሰውን እስከ ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ከደጃፉ ወዲያ ግን ሕዝቡ የሚመዝነው የየራሱን ሥራና ጠባይ ነው።

ኦክቶበር 3 ቀን በተደረገው ምርጫ ዶክቶር ኩቢቼክ ከመቶው 36 ያህሉን፥ ማለት ከ3 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ነገር ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር መጨመር አለብን። በብራዚል ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ግን እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም ነበር። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከአዋቂው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ ለሐኪም ቁስሉን የሚያሳየው ድኻ፥ ሐኪሙ ለሹመት ሲቀርብ ሊመርጠውም ሊነቅፈውም አይችልም። በዲያማንቲና ጭቃ ቤት ለሚኖር ሕፃን ፊደል ያስቈጠረች መምህርት፥ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የዜግነት ድምፅ ሰጠችው ማለት ነው። የወይዘሮ ዡሊያን ሥራ ከልጃቸው ሥራ የማናሳንሰው ስለዚህ ነው።

ከምርጫው በኋላም ነገሩ አልበረደም። ተቃዋሚዎች «ከግማሽ በላይ ድምፅ አላገኘምና አይሾም» አሉ፤ ሕጉ ግን ይህን አይጠይቅም ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን 1955 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ኤንሪኬ ሎት፥ የምርጫው ውጤት እንዲከበር ብለው ጦራቸውን አንቀሳቀሱና ሤራው ከሸፈ። ዶክቶር ኩቢቼክ ጃንዋሪ 31 ቀን 1956 ዓ.ም. ሥልጣን ያዙ። ወር ሳይሞላቸው ጥቂት የአየር ኀይል መኰንኖች አውሮፕላን ይዘው ወደ አማዞን ጫካ ሄደው ዐመፁ። ዐመፁ ተደመሰሰ። ፕሬዚዳንቱ ግን ዐመፀኞቹን ከመቅጣት ይልቅ ምክር ቤቱ የምሕረት ዐዋጅ እንዲያወጣላቸው ጠየቁ፤ ዐዋጁም ወጣ። ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ነገር ይህ ነው። በፓሳ ኳትሮ ቃሬዛ አጠገብ የቆመ ሐኪም የተማረው ትምህርት ወደ ቤተ መንግሥት ገባ።

በሥራቸው ምስጋናም ነቀፌታም አለ። ለአገሩ ልማት ያወጡት ዕቅድ 30 ግቦች ሲኖሩት፥ የብራዚልያ መሠራት 31ኛ ሆኖ ተጨመረበት። ግቦቹ የተመደቡት በኤሌክትሪክ ኀይል፥ በመጓጓዣ፥ በምግብ፥ በመሠረታዊ ኢንዱስትሪና በትምህርት ነው። ዕቅዱን ያወጣው መሪ ሐኪም ሳለ ጤና ለብቻው በዝርዝሩ አለመግባቱ የሚያስገርም ነው፤ ሆኖም በ1956 ዓ.ም. ወባንና ሌሎችን የገጠር በሽታዎች የሚዋጋ መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል። ሉሲዮ ኮስታ ፕላኑን ያወጡላት፥ ኒማየር ሕንፃዎቿን የነደፉላት ብራዚልያ ኤፕሪል 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ተመረቀች፤ በዣታይ የተሰጠው ቃልም ተፈጸመ። ነገር ግን ወጪው ብዙ ስለ ነበረ የገንዘቡ ዋጋ ወደቀ፥ የኑሮ ውድነትም በድኻው ላይ ከበደ፥ ለተከታዩም መንግሥት ዕዳ ተረፈ። መድኃኒት ያለ መጠን ቢሰጥ እንደሚጐዳ ሐኪም ያውቃል፤ የአገር መሪ ሲሆን ግን መጠኑን ማወቅ ይከብዳል።

የኢትዮጵያ አንባቢም ይህን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አድርጎ አይቈጥረው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዲሴምበር 1960 ዓ.ም. ብራዚልን በጐበኙ ጊዜ የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት እኒሁ ዶክቶር ኩቢቼክ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የተነሣው የክብር ዘበኛ ዐመፅ የተደረገው ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ጕዞ ላይ ሳሉ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንድ ፕሬዚዳንት ወዲያው ተከታትሎ እንዲመረጥ አይፈቅድም ነበር። ዶክቶር ኩቢቼክም ይህን ሕግ ለመለወጥ ሳይሞክሩ፥ ጃንዋሪ 31 ቀን 1961 ዓ.ም. ሥልጣኑን ከተቃዋሚ ወገን ተወዳድረው ላሸነፉት ለዣኒዮ ኳድሮስ አስረከቡ። ከዚያም የጎያስ ግዛት ሴናተር ሆነው ለ1965 ዓ.ም. ምርጫ እንደገና ለመቅረብ ይዘጋጁ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ግን የጦር ሠራዊቱ መንግሥቱን ገለበጠ። ዶክቶር ኩቢቼክ በሴናተርነታቸው ማርሻል ካስቴሎ ብራንኮ ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ድምፃቸውን ሰጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ጁን 8 ቀን፥ ይኸው የመረጡት መንግሥት የመምረጥና የመመረጥ መብታቸውን ለ10 ዓመት ገፈፋቸው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይሉታል ይህ ነው። ፊደል እንዳልቈጠረው ድኻ እሳቸውም ድምፅ አልባ ሆኑ። በስደት ጥቂት ዓመታት ኖረው ተመለሱ፤ ኦገስት 22 ቀን 1976 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። ሬሳቸው በብራዚልያ ሲቀበር፥ የወታደሮቹ መንግሥት ገና በሥልጣን ላይ ሳለ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ አለቀሰላቸው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በምርጫ ወረቀት ሊነገር ያልተፈቀደው ነገር በእንባ ተነገረ።

ከዚህ ታሪክ ለመራጭም፥ ልጅ ለሚያሳድግም የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎች እናወጣለን።

1ኛ፤ ለሹመት የቀረበው ሰው ሐኪም ወይም ዘማች መሆኑ ከተሰማ በኋላ፥ በትንሹ አደራ ምን ሠራበት ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሌሊት የሌላውን ሰው መልእክት ሳያጓድል ያስተላለፈ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ለትልቁ አደራ ተፈትኗል። ልጃችሁንም ወደ ገበያ ስትልኩት የተረፈውን ገንዘብ ቈጥሮ እንዲመልስ አስተምሩት፤ ሳንቲሙን ንቃችሁ አትለፉት።

2ኛ፤ ከተጣላው ሰው ጋራ እንዴት ይሆናል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሲያሸንፍ የሚበቀል ሰው፥ እጁ መድኃኒት ቢያውቅም ልቡ ሐኪም አይደለም። ወንድምና እኅት በቤት ሲጣሉ፥ ያሸነፈው ቀድሞ ይቅር እንዲል ማስለመድ የወላጅ ፈንታ ነው።

3ኛ፤ ጊዜው ሲያበቃ ይለቃልን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ ከሦስቱ የሚከብደው ነው፤ በምርጫው ዋዜማ የሚታይ አይደለምና። ሆኖም አስቀድሞ በሌላ ነገር ይታወቃል። ከሹመት ውጭ የሚተዳደርበት ሙያ፥ የሚመለስበትም ቤት ያለው ሰው ለመልቀቅ ይቀለዋል።

የወይዘሮ ሳራ ስም ዛሬም በብራዚል የአካል ጕዳተኞችን በሚያክሙ ሆስፒታሎች ላይ ይነበባል። ልጃቸው ማርሲያ ኩቢቼክም የወታደሮቹ ዘመን ካለፈ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ለምርጫ ቀርበው የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ከአባታቸው በጦር መንግሥት የተነጠቀውን መብት ልጃቸው በሕዝብ ድምፅ መልሰው ያዙት። በዚያ ጊዜ ፊደል ያልቈጠረውም ብራዚላዊ የመምረጥ መብቱን አግኝቶ ነበርና፥ የመምህርቲቱ የልጅ ልጅ የቀረቡት ከአባታቸው ዘመን ይልቅ ሰፊ በሆነ ሕዝብ ፊት ነው።